ቦሱን በኅብረት የምንጫወትበት ሮግላይክ፦ አንድን አካል ለአራት ሰው እንዴት እናካፍል?

ጥያቄ፦ የዋሻው ዘበኛ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከመደበኛ ሥራችን በሚተርፈን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ጎዶት በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር አንድ ትንሽ ጌም እየሠራን ስለሆነ፣ የጌም ንድፍ የምታውቁ ሰዎች ሐሳብ እንድታካፍሉን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በተለመደው ሮግላይክ ተጫዋቹ ጀግና ሆኖ ወደ ዋሻ ይገባል፤ በየክፍሉ የሚያጋጥሙትን ጭራቆች እየገደለ ይወርድና መጨረሻ ላይ ከሁሉ ከሚበረታው ጠላት፣ ከቦሱ ጋር ይፋጠጣል፤ ከሞተ ደግሞ የሰበሰበውን ሁሉ አጥቶ፣ ክፍሎቹ እንደ አዲስ በተደራጁ ዋሻ ውስጥ ከዜሮ ይጀምራል። እኛ ይህን ገልብጠነዋል። ከሁለት እስከ አራት ተጫዋቾች በኅብረት አንድ ቦስ ይሆናሉ፤ ጀግኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተሩ ነው። ጀግኖቹ በቡድን በቡድን ይመጣሉ፤ አንዱ ቡድን ሲሸነፍ ቀጣዩ በሌላ መሣሪያና በሌላ ስልት ይከተላል፤ ቦሱ ከሞተ ዙሩ ያበቃና ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይነሣል።

ያስቸገረን የአካል ክፍፍሉ ነው። አሁን ባለው የሙከራ ቅጂ አንዱ ተጫዋች እግሮቹን፣ ሁለተኛው ቀኝ እጁን፣ ሦስተኛው ግራ እጁን፣ አራተኛው ጅራቱን ይይዛል። ዘመድና ጓደኛ ሰብስበን ስናጫውት ያስተዋልነው ነገር፣ እግሮቹን የያዘው ሰው ጨዋታውን ጠቅልሎ እንደሚወስደው ነው። እሱ ወደ ፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል፤ የቀሩት ሦስቱ አንድ ጀግና እጃቸው የሚደርስበት ርቀት ላይ እስኪገባላቸው ይጠብቃሉ። ጅራቱን የያዘችው ልጅ ከጨዋታው አጋማሽ በኋላ ስልኳን ታይ ነበር። በድምፅ ብልጫ አቅጣጫ እንዲመረጥ ለማድረግም አስበናል፤ ነገር ግን ፍልሚያው ፈጣን ስለሆነ ድምፅ ለመስጠት ጊዜ የሚኖር አልመሰለንም።

ከዚህ ሌላ፣ ቦሱ የራሱን ዋሻ ስለሚያውቅ የሮግላይክ ዋና ጣዕም የሆነው ያልታወቀውን የማግኘት ስሜት ከየት እንደሚመጣ ገና አልገባንም። በዕጣ የሚለዋወጠው ምን ይሁን? ዋሻው ነው ወይስ ጀግኖቹ? እንደዚህ ያለ ጌም ተጫውታችሁ ወይም ሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉን በእጅጉ እናመሰግናለን።

መልስ፦ ንድፍ ወዳጅ

ጥያቄያችሁን በደስታ አነበብሁት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከምታስቡት ጌም ጋር በጣም የሚቀራረበው ሥራ፣ በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን የሚገኘው ፓወርሁፍ የተባለ አነስተኛ ስቱዲዮ የሠራው ክሮውል ነው። በ2014 ሳይጠናቀቅ ለገበያ ቀርቦ በ2017 ሙሉው ቅጂ ወጥቷል። እስከ አራት ሰው በአንድ ስክሪን ላይ ይጫወተዋል፤ አንዱ ጀግና ሲሆን ሌሎቹ መናፍስት ሆነው በየክፍሉ ያሉትን ጭራቆችና ወጥመዶች እያደሩባቸው ይወጉታል፤ ጀግናውን የገደለው መንፈስ ሥጋ ለብሶ በተራው ጀግና ይሆናል። ጀግናው አሥረኛው ሌቭል ላይ ሲደርስ ወደ መጨረሻው ቦስ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ የቀሩት ተጫዋቾች የቦሱን ግዙፍ አካል ተከፋፍለው በጋራ ያንቀሳቅሱታል። ጀግኖቹ በድምሩ ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልቻሉ የሚያሸንፈው ዋሻው ነው።

ክሮውልን ስትመለከቱ በተለይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ቦሱን የሚጋሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተቀናቃኞች ናቸው፤ የሚተባበሩት አሁን ያለው ጀግና ካሸነፈ የእነርሱ ተራ ስለሚቀር ብቻ ነው። ትብብሩ አጭርና ትኩስ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። የእናንተ ተጫዋቾች ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወገን ስለሆኑ፣ እንዲተጉ የሚያደርጋቸውን ነገር ከፉክክር ሳይሆን ከአካሉ አሠራር ማግኘት አለባችሁ።

አንዱ ሰው ሁሉን ጠቅልሎ የመያዙ ችግር አዲስ አይደለም። በ2008 የወጣው ሌፍት ፎር ዴድ፣ አራት ለአራት በሚገጠምበት ስልቱ፣ ታንክ የሚባለውን ግዙፍ ፍጡር ለአንድ ተጫዋች ይሰጠዋል፤ ተጫዋቹ ተደብቆ ከቆየና ካላጠቃ ግን መቆጣጠሪያው ከእጁ ወጥቶ ለሌላ የቡድኑ አባል ይተላለፋል። ይህ ስንፍናን ይቀጣል እንጂ አካሉን አያጋራም። በድምፅ ብልጫ ስለመወሰን ያነሣችሁት ደግሞ በ2014 በሰፊው ተሞክሯል። ትዊች ፕሌይስ ፖኬሞን በተባለው የቀጥታ ስርጭት፣ እጅግ ብዙ ተመልካች አንዱን ገጸ ባሕርይ በጽሑፍ ትእዛዝ አብሮ ያንቀሳቅስ ነበር፤ መጀመሪያ የተጻፈው ትእዛዝ ሁሉ በደረሰበት ቅደም ተከተል ይፈጸም ነበር፤ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ሲጣበቁ ግን ብዙኃኑ የመረጠው ብቻ የሚፈጸምበት ሥርዓት ተጨመረ። ጨዋታው 16 ቀን ያህል ፈጅቶ ተጠናቀቀ። ድምፅ መስጠት ተራ በተራ ለሚሄድና ጊዜ ለሚሰጥ ጨዋታ ይሆናል፤ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ መዳፍ ለሚያርፍበት ፍልሚያ አይሆንም።

ኦክቶዳድ በተባለው ጌም የአንዱ ኦክቶፐስ እጅና እግር ለተለያዩ ተጫዋቾች ሊከፋፈል ይችላል፤ እዚያ ግን የሚፈለገው መደነቃቀፉና ሳቁ ነው። የእናንተ ቦስ የሚፈራ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ያ መንገድ እንደማይስማማችሁ አምናለሁ። ይልቅ በ2015 የወጣው ላቨርስ ኢን ኤ ዴንጀረስ ስፔስታይም ብዙ ያስተምራችኋል። ተጫዋቾቹ አንዲት ክብ መንኮራኩር ውስጥ ናቸው፤ ሞተሩ፣ ጋሻው፣ መድፎቹና ካርታው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መቀመጫ አላቸው፤ የሥራው ቦታ ምንጊዜም ከሰዎቹ ስለሚበልጥ ማንም ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። የጅራቷ ልጅ ስልኳን ያየችው ሥራ ስላልነበራት ነው።

እኔ ብሆን እግር የሚባለውን ነገር ጨርሶ አወጣው ነበር። ለአራቱም ተጫዋች ተመሳሳይ አቅም ያለው ክንድ ስጧቸው፤ እያንዳንዱ ክንድ ሁለት ነገር ብቻ ይችላል፦ አንድን ምሰሶ ወይም ግድግዳ መጨበጥና መምታት። ክንዱ በጨበጠ ጊዜ አካሉን ወደ ጨበጠው ነገር ይስባል፤ ለመምታት ግን መልቀቅ አለበት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢመታ አካሉ ድጋፍ አጥቶ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ሁሉም ቢጨብጥ ማንም አይመታም። አሁን በሐሳብ ተመልከቱት፦ ጋሻ የያዘ ጀግና በግራ በኩል እየሮጠ ነው፤ የግራው ክንድ ሊመታው ምሰሶውን ከለቀቀ፣ የቀኙ ክንድ ብቻውን ሲስብ አካሉ ከጀግናው ይርቅና ምቱ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ የግራው ተጫዋች «ልቀቅ!» ብሎ መጮኽ አለበት፤ የቀኙም ለቅቆ በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር ይመታል። እንቅስቃሴው የማንም የግል ሥልጣን ሳይሆን ከአራቱ ውሳኔ ተደምሮ የሚወጣ ውጤት ይሆናል፤ እያንዳንዱም በየቅጽበቱ የሚወስነው ነገር ይኖረዋል። የሙከራ ቅጂያችሁን በዚህ መልክ ለመቀየር አዲስ ሥዕል አያስፈልጋችሁም፤ አራት ክብና አራት ገመድ ይበቃል።

መልስ፦ የድሮ ጌም ሰብሳቢ

ንድፍ ወዳጅ ስለ አካሉ ያለውን ብሏል፤ እኔ ደግሞ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ያልታወቀው ነገር ከየት ይምጣ ስለሚለው ልጻፍ። ይህ ጥያቄ ከሮግላይክ ሥረ መሠረት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል።

ዘርፉ ስሙን ያገኘበት ሮግ በ1980 አካባቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተማሪዎች በነበሩት በማይክል ቶይና በግሌን ዊችማን የተሠራ ነው። ሥዕል የለውም፤ ጭራቆቹ ከኤ እስከ ዜድ ያሉት ፊደላት ናቸው። ብዙ ሰው ስለ ሮግ ሲናገር በዕጣ የሚሠሩትን ክፍሎችና የማይቀለበሰውን ሞት ያነሣል፤ በ2008 በርሊን ላይ የተሰበሰቡት የዘርፉ ሰዎች መለኪያቸውን ሲያወጡም እነዚህ ሁለቱ ከዋናዎቹ መካከል ነበሩ። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ጠርሙሶቹን ነው። በሮግ ውስጥ የምታገኙት መድኃኒት በቀለሙ ብቻ ይገለጻል፤ የትኛው ቀለም የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ጨዋታው በተጀመረ ቁጥር በዕጣ ይመደባል። ሰማያዊው ዛሬ ፈውስ ቢሆን ነገ ሊያሳውር ይችላል። ለማወቅ መጠጣት ግድ ነው፤ ያወቃችሁትም ለዚያ ዙር ብቻ ያገለግላል።

ይህን አሠራር ወደ ጀግኖቹ አዙሩት። ቦሱ ዋሻውን ያውቃል፤ የሚመጣውን ሰው ግን አያውቅም። አንዱ ጀግና አረንጓዴ ፋኖስ፣ ሌላው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ጦር፣ ሦስተኛው በገመድ የታሰረ ደወል ይዞ ይገባል። የእያንዳንዱ ዕቃ ኃይል በዙሩ መጀመሪያ በዕጣ ይመደብና እስከ ዙሩ ፍጻሜ አይለወጥም። የመጀመሪያው ቡድን ሲገባ ደወሉ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም፤ ሲደወል ክንዶቹ ሁሉ የጨበጡትን ይለቅቁና አካሉ ይወድቃል። አራተኛው ቡድን ሌላ ደወል ይዞ ሲመጣ ግን አራቱም ተጫዋቾች «ደወሉን! ደወሉን!» እያሉ አስቀድመው ወደዚያ ጀግና ይዘምታሉ። ዕውቀቱ የተገኘው በቆሰለ አካል ስለሆነ ዋጋ አለው፤ ቦሱ ሲሞትም አብሮት ይሞታል። ለእኔ የማይቀለበሰው ሞት ትልቁ ትርጉም ይህ ነው፤ ወርቅና ሰይፍ ማጣት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

ዋሻውም ይለዋወጥ፤ ነገር ግን ለአካሉ እንዲመች ሆኖ ይለዋወጥ። በዚህ ረገድ የዴሪክ ዩ ስፔላንኪ ጥሩ አርአያ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ አራት በአራት ሆነው የተደረደሩ 16 ክፍሎች አሉት፤ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች የሚያስወርድ አንድ መንገድ ያወጣል፣ ከዚያም ክፍሎቹን በእጅ ከተሠሩ ቅርጾች እየመረጠና በጥቂቱ እየለዋወጠ ይሞላቸዋል። መንገዱ አስቀድሞ ስለሚረጋገጥ ተጫዋቹ መውጫ የሌለው ደረጃ አያጋጥመውም። እናንተ የምታረጋግጡት ግን መንገድን ሳይሆን መጨበጫን ነው፦ አካሉ የትም ቢቆም ክንዶቹ ሊደርሱባቸው የሚችሉ ቢያንስ ሦስት ምሰሶዎች ይኑሩ። ከዚያ በኋላ ጀግኖቹ ምሰሶዎቹን ማፍረስ ቢችሉ፣ ዋሻው ከቡድን ወደ ቡድን እየተራቆተ ይሄዳልና ቦሱ ራሱ ቤቱን የመጠበቅ ጭንቀት ያድርበታል።

የዋሻ ጌታ የሚኮንባቸው ሥራዎች ከድሮም ነበሩ፤ በ1997 የወጣው ደንጀን ኪፐር ከእነርሱ ሁሉ ዝነኛው ነው። እሱ ግን ከላይ ሆኖ የማዘዝና የመገንባት ጌም ነው፤ ከእናንተ ሐሳብ ጋር ዝምድናው ሩቅ ነው።

የዋሻው ዘበኛ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨበጥና የመምታቱን ሐሳብ ለጓደኞቼ አነበብሁላቸው፤ ሁላችንም ወዲያውኑ እንሥራው ብለናል። የደወሉ ነገር ደግሞ የጎደለንን የሞላልን ሆኖ አግኝተነዋል።

ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። የመጀመሪያው፣ ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ጀግኖች ምታችንን ሁሉ ያመልጣሉ፤ ቁልፉ በተጫነባት ቅጽበት ስለሚያውቁ ገና ክንዱ ሳይነሣ ይንከባለላሉ። ቀርፋፋ ስናደርጋቸው ደግሞ እንደ ድንጋይ ቆመው ይመታሉ። ሁለተኛው፣ እኛ ያሰብነው በዋነኝነት በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው እንዲጫወቱት ነው፤ እዚህ ከተማ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ ጎን ለጎን ተቀምጦ መጫወት የለመደ ሰው ብዙ ነውና። ይሁን እንጂ አንዱ የቡድናችን አባል ኦንላይን ከሌለው ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን አይገዙትም ብሎ አጥብቆ ይከራከራል። በዚህ ላይ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ኮድ ጸሐፊ ከሙኒክ

እዚህ ጀርመን አገር በፕሮግራመርነት ስለምሠራ ሁለቱንም ጥያቄዎች ከዚያ አንጻር እመልሳለሁ።

የጀግኖቹ ችግር የፍጥነት ሳይሆን የዕውቀት ነው። እንቅስቃሴያቸውን አታዘግዩ፤ የሚያዩትን አዘግዩ። ሰው በዓይኑ ላየው ነገር ምላሽ ለመስጠት ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) በሚሄድ ጌም ይህ ከ12 እስከ 15 ፍሬም ይሆናል። ስለዚህ የቦሱን ክንዶች ሁኔታ በየፍሬሙ ወረፋ ውስጥ አስቀምጡና ለጀግናው የሚደርሰው ከ15 ፍሬም በፊት የነበረው ይሁን። ጀግናው በሙሉ ፍጥነቱ ይሮጣል፣ ይንከባለላል፣ ይወጋል፤ ነገር ግን የሚያየው ዓለም የሩብ ሰከንድ ያህል ያረጀ ስለሆነ ሰው ሰው ይሸታል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ከተፈጥሯዊነት ያለፈ ነው። የክንዱ ምት ከመነሣቱ እስከ ማረፉ 20 ፍሬም ይፈጃል እንበል። ነባሩ ጀግና በ12 ፍሬም ካየ ለማምለጥ ስምንት ፍሬም ይቀረዋል፤ ለመንከባለል ይበቃዋል። ጀማሪው በ24 ፍሬም የሚያይ ከሆነ ግን ምቱ ካረፈበት በኋላ ነው የሚያየው። እንዲህ ሲሆን የትኛው ጀግና በየትኛው ምት ሊመታ እንደሚችል ተጫዋቾቹ በልምድ ይማራሉ፤ እናንተም የጨዋታውን ክብደት በዕጣና በመቶኛ ሳይሆን በሁለት ቁጥሮች ልዩነት ትቆጣጠሩታላችሁ። ነባሩን ለመያዝ የሚያስፈልገው አንድ ፈጣን ምት ሳይሆን ሁለት ክንዶች ናቸው፤ አንዱ እንዲንከባለል ያስገድደዋል፣ ሌላው የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ይመታል። ይህ ደግሞ ትብብራችሁን ከንግግር ወደ ተግባር ያወርደዋል።

ስለ ኦንላይኑ ያለኝ አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው፦ አሁን አትጀምሩት። አራት ሰው አራት የተለያዩ ገጸ ባሕርያትን ሲያንቀሳቅስ የኔትወርኩን መዘግየት ለመሸፈን ብዙ መላ አለ፤ የእናንተ አራት ክንዶች ግን በአንድ አካል ላይ የተገጠሙ ናቸው። አንደኛው በአዲስ አበባ ሲስብ ሌላው በዋሽንግተን ያለበት ቦታ ይቀየራል። የፍልሚያ ጌሞች የሚጠቀሙበትና ወደ ኋላ ተመልሶ ፍሬሞቹን እንደገና የሚያሰላው ሮልባክ የተባለው ዘዴ አንድ ዓይነት ግብአት በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ውጤት እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፊዚክስ (የአካላትን እንቅስቃሴና ግጭት የሚያሰላው ክፍል) ደግሞ ይህን አያረጋግጥላችሁም። የራሳችሁን ቀላል ፊዚክስ በሙሉ ቁጥር ካልጻፋችሁ በስተቀር መንገዱ እሾህ ነው።

ለውጭ አገር ወገኖቻችን ሌላ መውጫ አለ። የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ከ2019 ጀምሮ ሪሞት ፕሌይ ቱጌዘር የሚባል አገልግሎት አለው፤ ጌሙን የገዛው አንዱ ሰው ብቻ ሆኖ ጓደኞቹ በኢንተርኔት ምስሉን እያዩ እንደ ጎን ተቀማጭ ይጫወታሉ። እናንተ የምትጽፉት የኔትወርክ ኮድ የለም። እያንዳንዷ የቁልፍ ምት ሄዳ ምስሉ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ለሩቁ ተጫዋች ይሰማዋል፤ ሆኖም የምታችሁ ዝግጅት 20 ፍሬምና ከዚያ በላይ ከሆነ ጨዋታው ይችለዋል ብዬ እገምታለሁ።

ሌላ የማሳስባችሁ ነገር አለ። በ2015 የወጣው ኢቮልቭ አራት አዳኞችን አንድ ተጫዋች ከሚያንቀሳቅሰው ጭራቅ ጋር የሚያጋጥም፣ ሐሳቡ የሚያስቀና ጌም ነበር። ተጫዋች እየሳሳበት ሄዶ በ2018 የራሱ ሰርቨሮች ተዘጉ። በሰው ብዛት ላይ የቆመ ጌም ሰው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የእናንተ ጌም ግን ሁለት ሰውና አንድ ቴሌቪዥን እስካለ ድረስ ይኖራል፤ ይህን በዋዛ የምትለውጡት ሀብት አይደለም።

መልስ፦ ሌሊት ተጫዋች

የተባለውን ሁሉ በጥሞና ተከታትያለሁ፤ በአብዛኛው እስማማለሁ። ነገር ግን ቦስ መሆን ለምን እንደሚያስደስት ገና አልተነገረም፤ እኔ እንደ ተጫዋች የምጨነቀው ለዚያ ነው።

በ2009 ፍሮምሶፍትዌር ባወጣው ዴመንስ ሶልስ ውስጥ፣ በላትሪያ ግንብ መጨረሻ ላይ ያለው አሮጌ መነኩሴ ራሱ አይዋጋችሁም፤ ኦንላይን ከሆናችሁ ሌላ እውነተኛ ተጫዋች ከራሱ ዓለም ጠርቶ ቦስ ያደርገዋል። በዚያች ክፍል ውስጥ ቦስ ሆናችሁ ስትጠሩ ልብ የሚያስደነግጠው ነገር ከፊታችሁ የቆመው ሰው መሆኑ ነው፤ ይፈራል፣ ያመነታል፣ መድኃኒት ለመጠጣት ወደ ኋላ ይሸሻል። ቦሱ ግዙፍ የሚሆነው በቁመቱ ሳይሆን በሌላው ፍርሃት ነው። ኮድ ጸሐፊው ጀግኖቹን ሰው ሰው እንዲሸቱ የሚያደርግ ዓይን ሰጥቷቸዋል፤ እኔ ደግሞ ልብ ስጧቸው እላለሁ። ጓደኛው የወደቀበት ጀግና ምን ያደርጋል? አንዱ ሸሽቶ ወደ በሩ ይሮጥ፤ ሌላው ቁስለኛውን እየጎተተ ይውጣ፤ ሦስተኛዋ በንዴት ጋሻዋን ጥላ ትጠጋ። ያመለጠው ደግሞ በሚቀጥለው ቡድን ውስጥ ተመልሶ ይምጣ፤ የተመታበትን ክንድ ለይቶ ያውቃልና ከዚያ ክንድ ይራቅ። የሸሸውን አሳድዶ መጨረስ ወይስ የቀሩትን መግጠም የሚለው ክርክር በአራቱ ተጫዋቾች መካከል ጥሩ ጭቅጭቅ ያስነሣል።

ጀግኖቹ ሊያደርጉ ያሰቡትን ማሳየትም ያስፈልጋል። ስሌይ ዘ ስፓየር በእያንዳንዱ ጠላት ራስ ላይ ቀጥሎ የሚያደርገውን በምልክት ያሳያል፤ ተጫዋቹ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ያስባል። እናንተ ግን በስክሪኑ ላይ ብታሳዩት አራቱም እኩል ስለሚያዩት የሚነጋገሩበት ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ በጆይስቲኩ ንዝረት አሳውቁ። ቀስተኛው የቀኙን ክንድ ሲያነጣጥር የሚንቀጠቀጠው የቀኙ ተጫዋች ጆይስቲክ ብቻ ይሁን። ለራሱ ብቻ የደረሰውን ወሬ ለሌሎቹ የሚነግረው በአፉ ነው፤ «እኔን ነው፣ እኔን ነው፣ ያዙኝ!» ሲል ሁለቱ ጨብጠው ይስቡታል። አንድ አካል ውስጥ ሆነው የተለያየ ነገር የሚሰማቸው አራት ሰዎች ይሆናሉ።

የድሮ ጌም ሰብሳቢን ደግሞ በአንድ ነገር ልቃወም። ምሰሶዎቹ በየቡድኑ እየፈረሱ እንዲሄዱ መክረዋል። ይህ መጨረሻ ላይ ቦሱን መንቀሳቀስ የማይችል ያደርገዋል፤ ሞቱም በጀግና እጅ ሳይሆን በዝግታ መታፈን ይሆናል። የሚፈርሰው ምሰሶ ሳይሆን ክንዱ ቢሆን እመርጣለሁ። ክንዱ የተቆረጠበት ተጫዋች ግን ቁጭ ብሎ እንዳያይ፣ እንደ ክሮውል መንፈስ ሆኖ በዋሻው ወጥመዶች ላይ ይደር፤ የቀሩት ሦስቱም አንድ ጀግና በሕይወት ማርከው ካመጡ ክንዱ ይብቀልለት።

የድሮ ጌም ሰብሳቢ፦

ስለ ክንዱ የተሰነዘረውን ተቃውሞ ተቀብያለሁ፤ በተለይ በሕይወት የመማረኩ ሐሳብ ጀግናን ከመግደል የተለየ ግብ ስለሚሰጥ ይበልጣል። ምሰሶዎቹ ግን ጨርሶ አይፍረሱ ለማለት አልደፍርም። በየክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚፈርሱ ቢኖሩ፣ ሦስት መጨበጫ ይኑር የሚለው ሕግ ሳይጣስ ጀግኖቹ መልክዐ ምድሩን መለወጥ ይችላሉ።

የዋሻው ዘበኛ፦

ይህን ሁሉ ሐሳብ በአንድ ሳምንት ልናገኝ እንችላለን ብለን አልጠበቅንም። ኦንላይኑን ትተነዋል፤ ለዚያ የተከራከረው ጓደኛችንም ስለ ሪሞት ፕሌይ ካነበበ በኋላ ተስማምቷል። በመጀመሪያ የምንሠራው አራት ክብ፣ አራት ገመድና ጋሻ የያዘ አንድ ጀግና ነው፤ ደወሉም ሆነ ንዝረቱ ከዚያ በኋላ ይከተላል። የመጨረሻ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት አራቱ ክንዶች እንዴት ይሁኑ? ሁለቱን ብናስቀራቸው አካሉ ሁልጊዜ እየወደቀ ይቸገራል።

ንድፍ ወዳጅ፦

አታስቀሯቸው። ጆይስቲኩ ሁለት አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፉ ዘንጎች) ስላለው ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ክንድ ስጡት፤ የግራው አናሎግ አንዱን ክንድ፣ የቀኙ ሌላውን ይምራ፤ ከላይ ባሉት ሁለት ቁልፎች ይጨብጥ፣ ሲለቅቃቸው ይምታ። ነገር ግን ክንዶቹን ጎን ለጎን አትስጧቸው። አንዱ ተጫዋች ግራና ቀኙን፣ ሌላው ላይና ታቹን ይያዝ፤ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን ከያዘ የራሱን ግማሽ አካል ብቻውን ያንቀሳቅስና ሁለተኛውን ሰው አይፈልገውም። ሦስት ሲሆኑ አራተኛው ክንድ የማንም አይሁን፤ መምታት ትቶ መጨበጥ ብቻ የሚችል ሆኖ ይቀመጥና፣ የራሱ ክንድ የተቆረጠበት ተጫዋች ቢኖር እሱ ይውሰደው። ለመጀመሪያው ሙከራ ግን በሁለት ሰው ጀምሩ፤ ሁለት ሰው ሲጫወተው የማይሠራ የአካል ክፍፍል በአራት አይቃናም።